«ያው ነው» ማለት ስንት ነው?

ባለፈው ስብሰባ ስለ እሑድ ፕሮግራማችን ብዙ ተከራክረናል። አዳራሹን የምናገኘው ለሦስት ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ ዐረብኛው እንዲረዝም ወይም የፀጉር ሥራ እንዲገባ የሒሳቡ ግማሽ ሰዓት ይውጣ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። «እኛ የመጣነው ልንተኩስና ልንወለውል ነው፣ ኤክስና ዋይ ምን ያደርግልናል?» የሚለው ንግግርም ብዙ ጭብጨባ አግኝቷል። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት እኔም የማስበውን ልጻፍ። ሒሳቡ መውጣት የለበትም። መለወጥ ያለበት የምንማረው የሒሳብ ዓይነት ነው። ማባዛትና ማካፈል ስልካችን ይሠራልናል። ስልክ የማይሠራልን ሰው በአፉ የነገረንን ነገር ወደ ቁጥር መተርጎም ነው። እሱ ላይ ነው የምንጎዳው።

ሰባተኛ ክፍል ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ ነበር፦ «የአንድ ቁጥር ሦስት እጥፍ ላይ 5 ሲቀነስ 16 ይሆናል፤ ቁጥሩ ስንት ነው?» መልሱ 7 ነው፣ 3 × 7 − 5 = 16። ብዙዎቻችን ይሄን ጠልተነው ነው የወጣነው፣ ምክንያቱም ያ «አንድ ቁጥር» የማንም ቁጥር አልነበረም። ዛሬ ግን የማናውቀው ቁጥር ደመወዛችን ነው፣ የተያዘብን ወር ነው፣ እናታችን እጅ የሚደርሰው ብር ነው። ጥያቄው ያው የሰባተኛ ክፍሉ ጥያቄ ነው፣ ባለቤት ነው ያገኘው።

«እኔ ሒሳብ አይገባኝም» ለምትሉ አንድ ነገር ላንሳ። ማዳም «እንግዶች በ8 ይመጣሉ» ስትልሽ አንቺ በልብሽ «ማታ 2 ሰዓት» ትያለሽ። ማንም አስቀምጦ አላስተማረሽም። በጽሑፍ ቢቀመጥ ግን፣ የሀበሻውን ሰዓት ሀ፣ የፈረንጁን ፈ ብንለው፣ ፈ = ሀ + 6 ነው፣ ከ12 ካለፈ 12 ይቀነሳል። ይሄ እኩልዮሽ ነው። በቀን አሥር ጊዜ ትሠሪዋለሽ። ስለዚህ አይገባኝም የሚለውን እንተወው።

ደግሞ ይሄ ትምህርት የዚህ አገር ቋንቋ ልጅ ነው። አልጀብራ የሚለው ስም የመጣው አል-ኸዋሪዝሚ የተባለ ሊቅ ከዛሬ 1,200 ዓመት ገደማ በፊት ባግዳድ ውስጥ በዐረብኛ ከጻፈው መጽሐፍ ርዕስ ነው። «ጀብር» ማለት የተሰበረን መልሶ ቦታው ማግባት ነው፤ በዐረብኛ ወጌሻም «ሙጀቢር» የሚባለው ከዚሁ ቃል ነው። እኔን በጣም የገረመኝ ሌላ ነው። ያ ሰው በመጽሐፉ ውስጥ እንደ ኤክስ ያለ ምልክት አልተጠቀመም፣ የእኩል ምልክትም አልነበረውም። ሁሉንም በቃላት ነው የጻፈው። የመጽሐፉም ትልቅ ክፍል ውርስ እንዴት ይከፈላል በሚለው ላይ ነው፣ ማለትም የሰዎች የገንዘብ ክርክር። በዐረቦቹ አልጀብራ ያልታወቀው ቁጥር «ሸይ» ይባላል፣ «ነገር» ማለት ነው። እዚህ ቤይሩት በየደቂቃው «ሺ» የምንለው ቃል ማለት ነው። ሁለቱ ትይዩ መስመሮች፣ የእኩል ምልክቱ፣ የመጣው በጣም ዘግይቶ በ1557 ነው፣ ሮበርት ሬኮርድ የሚባል የዌልስ ሰው ነው ያመጣው። ከሁለት እኩል መስመሮች የበለጠ እኩል ነገር የለም ብሎ ነው የመረጠው።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ። ከሁሉ በላይ የጎዳን ቃል «ያው ነው» የሚለው ነው።

ሊባኖስ ውስጥ ከ1997 መጨረሻ ጀምሮ 1 ዶላር 1,507.5 ሊራ ነበር፣ በሱቅ 1,500 እንላለን። ብዙ ዓመት ሳይነቃነቅ ስለቆየ ዶላርና ሊራ አንድ ነገር ይመስለን ነበር። በ2019 መጨረሻ ገንዘቡ መውደቅ ጀመረ፣ በ2020 ክረምት ላይ በገበያ 8,000 የገባበት ቀን ነበር። በዚያን ጊዜ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። የእኔ ውል ላይ የተጻፈው 150 ዶላር ነው። አሠሪዬ በየወሩ 225,000 ሊራ ትሰጠኝ ነበር፣ ምክንያቱም 150 × 1,500 = 225,000። ገንዘቡ ሲወድቅም ያንኑ 225,000 ቆጥራ እየሰጠችኝ «ደመወዝሽ ያው ነው፣ ምንም አልቀነስኩብሽም» አለች። ውሸት አልተናገረችም። ሊራው ያው ነው። ግን የሊራው ተመን ተ ቢሆን፣ የሚደርሰኝ ዶላር

ዶላር = 225,000 ÷ ተ

ነው። ተ 1,500 ሲሆን 150 ይወጣል። ተ 8,000 ሲሆን 28 ከምናምን ይወጣል። ተ እየጨመረ ሲሄድ እኔ እየቀነስኩ እሄዳለሁ። «ያው» የሚለው ቃል የእኩል ምልክት ነው፣ ጥያቄው ግን ከምልክቱ በግራና በቀኝ ያለው ምንድን ነው የሚለው ነው። ውሉ የሚለው ዶላሩ ያው ይሁን ነው። እንደዚያ ከሆነ ሊራው 150 × ተ መሆን አለበት፣ በዚያን ቀን ተመን 1,200,000 ሊራ ማለት ነው።

ይሄን በካላንደር ጀርባ ጽፌ አሳየኋት። ተቆጣች፣ ከዚያ ዝም አለች፣ ከዚያ ባሏን ጠራች። ሙሉውን አላገኘሁም፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ እነሱም ባንክ ያለው ገንዘባቸው ተይዞባቸው ነበር። ግን 100 ዶላር በእጅ ተስማማን። ወረቀቱ ባይኖር ክርክሩ ስለ እኔ አመል ይሆን ነበር፤ ምስጋና ቢስ ነሽ፣ ቤት ያጣሽ ነሽ፣ እንዲህ ያለውን። ወረቀቱ ስላለ ክርክሩ ስለ ተ ሆነ። ተ ደግሞ አመል የለውም።

ይሄ ታሪክ አልፏል የምትሉ አላችሁ። ተመኑ በ2023 ከ100,000 በላይ ወጥቶ ተመልሶ 89,500 አካባቢ ቆሟል፣ አሁን ብዙዎቻችን በዶላር ነው የሚከፈለን። እሺ። ግን ያው ነገር አሁን በብር በኩል አለ። ቤተሰብ «በወር 10,000 ብር ይበቃናል» ሲሉ ያ ቁጥር በዶላር ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 1 ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ታናሽ ወንድም «የምትልኪው ያው ነው» ሲል በዶላር ነው ወይስ በብር ብላችሁ ጠይቁ። የእቃውም ዋጋ ከብሩ ጋር ስለሚወጣ እነሱም ተሳስተው ላይሆን ይችላል። ሁለቱንም የሚያስታርቀው ቁጭ ብሎ መጻፍ ነው።

ቋንቋችን ራሱ ወጥመድ አለበት፣ እሱንም እንየው። ዋናው ትምህርት እዚህ ጋ ነው። ደመወዝሽን ደ እንበለው።

«ከደመወዝሽ 30 ይቀነሳል» ስትባይ ደ − 30 ነው። ቃሉ በተነገረበት ቅደም ተከተል ይጻፋል። «በ30 ከእሷ ያነሰ ይከፈልሻል» ስትባይ ግን 30 ቀድሞ ቢጠራም የሚጻፈው 30 − ደ አይደለም፣ የእሷ ደመወዝ ሲቀነስ 30 ነው። ከማን ላይ ነው የሚቀነሰው የሚለውን «ከ» የሚለው ፊደል ይነግርሻል። «ከ»ን ፈልጊ፣ ከእሱ በኋላ ያለው መጀመሪያ ይጻፋል።

«ግማሽ እጨምርልሻለሁ» እና «ግማሹን እሰጥሻለሁ» ጆሮ ላይ ይቀራረባሉ። የመጀመሪያው ደ + ደ ÷ 2 ነው፣ ሁለተኛው ደ ÷ 2። ደ 200 ከሆነ አንዱ 300፣ ሌላው 100። «የጭማሪው ግማሽ» ደግሞ ሌላ ሦስተኛ ነገር ነው።

«ዓመት ስትሞዪ 10 ዶላር እጨምርልሻለሁ» የሚባለውን ሁላችንም ሰምተናል። በየወሩ ደ + 10 ነው? ከሆነ በዓመት 120 ታገኛለሽ። ወይስ አንዴ 10 ተሰጥቶ ያበቃል? ቃሉ አንድ ነው፣ ልዩነቱ 110 ዶላር ነው። «በየ» የሚለው ካልተነገረ አስነግሪ። «በየወሩ» ማለት በወሩ ብዛት አባዢ ማለት ነው።

«ለስድስት ወር ደመወዝና 20 ዶላር የስልክ» ስትባይስ? 6 × (ደ + 20) ነው ወይስ 6 × ደ + 20? ቅንፉ የተከፈተበት ቦታ ነው ገንዘቡ። በመጀመሪያው 120 የስልክ አለ፣ በሁለተኛው 20 ብቻ። ሰው ሲያወራ ቅንፍ አይታይም፣ ስለዚህ ጠይቆ ማስቀመጥ የኛ ሥራ ነው።

ሌላው ከአገር ቤት ጀምሮ የሚያታልለን «እስከ» ነው። ደላላው «እስከ 250 ዶላር ይከፈላል» ይላል። እህታችን ስትሰማ «250 ዶላር» ብላ ነው ለእናቷ የምትነግራት፣ መንደሩም ያንን ይዞ ብድር ይሰጣታል። «እስከ 250» ግን ደ = 250 አይደለም። ደ ከ250 አይበልጥም ማለት ነው፣ ደ ≤ 250። 150ም እውነት ያደርገዋል፣ 100ም እውነት ያደርገዋል። ደላላው አልዋሸም ተብሎ ይታለፋል። እኛ የሚያስፈልገን «ቢያንስ» የሚለው ቃል ነው፣ ደ ≥ 150። «እስከ» ለሚከፍለው ሰው ጥሩ ነው፣ «ቢያንስ» ለሚቀበለው። ሰውየው የትኛውን እንደመረጠ ሰምተሽ ለማን እንደቆመ ታውቂያለሽ። አገር ቤት ለመምጣት የሚያስቡ ታናናሾች ካሏችሁ ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ሁሉ ቢቀር ይቺን ብቻ ንገሩልኝ።

ከዚያ ደግሞ የቢሮው ወር አለ። «በወር 150፣ ሁለት ዓመት፣ የመጀመሪያው ሦስት ወር ለቢሮ።» ይሄን ዓረፍተ ነገር ስንሰማ ጆሯችን 150ን ይይዛል፣ ሦስቱን ወር ይረሳል። እንጻፈው።

150 × (24 − 3) = 150 × 21 = 3,150

አሁን 3,150ን በ24 ወር አካፍዪው። 131.25 ይመጣል። የሠራሽው 24 ወር ነውና እውነተኛ ደመወዝሽ 131 ከሩብ ነው፣ 150 አይደለም። የመመለሻ ትኬት ከራስሽ ነው ከተባልሽና ትኬቱ 300 ቢሆን (3,150 − 300) ÷ 24 = 118.75። ማንም ሰው «118 ዶላር ላምጣሽ» ቢልሽ እምቢ ትይ ነበር ይሆናል። በቃላት ተከፋፍሎ ሲቀርብ ግን እሺ እንላለን። እዚህ ላይ ማወቅ ያለብን አለ፦ በሊባኖስ በ2009 የወጣው ወጥ የሥራ ውል ደመወዝ በወሩ መጨረሻ ሙሉውን ለሠራተኛዋ በእጇ በደረሰኝ ይሰጥ ይላል፣ የመመለሻ ትኬትንም በመደበኛው አሠሪው እንዲከፍል ነው የሚያደርገው። ስለዚህ ያ 3 እና ያ 300 ከየት ገቡ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ቀመሩን ስትጽፊው ነው መጠየቅ የሚገባሽ ቁጥር የቱ እንደሆነ ፊት ለፊት የሚታይሽ።

ስለ ውል ካነሳሁ፣ የዚህ አገር የሥራ ሕግ ከ1946 ጀምሮ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከሽፋኑ ውጭ አድርጓል። በ2020 የሥራ ሚኒስቴር የተሻለ ውል አውጥቶ ነበር፣ የሠራተኛ አስመጪ ቢሮ ባለቤቶች ከሰው በዚያው ዓመት በሹራ ምክር ቤት ታግዷል። ስለዚህ በእጃችን ያለችው ያቺ አንድ የውል ወረቀት ናት። እሷም የተጻፈችው በዐረብኛ ነው። ቃላቱን ማንበብ ባንችል ቁጥሮቹን እንወቅ። የነሱ ዜሮ ነጥብ ናት። የነሱ አምስት ክብ ናት፣ የኛን ዜሮ ትመስላለች። የነሱ ስድስት የኛን ሰባት ትመስላለች። ስለዚህ በነሱ ቁጥር የተጻፈ 150 ለኛ ዓይን 10 እና ነጥብ ነው የሚመስለው። የተጻፈው የወር ቁጥር 24 ይሁን 36፣ ገንዘቡ 150 ይሁን 100፣ ከመፈረም በፊት በዓይንሽ ለይተሽ በኛ ቁጥር ቀመሩን አጠገቡ ብትጽፊ ማንም አይከለክልሽም።

ገንዘብ መላኪያ ላይም አንድ ምሳሌ ልስጥ፣ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ ናቸው፣ በየቀኑ ይለዋወጣሉ። አንዱ ቤት «6 ዶላር ክፍያ፣ ተመን 120» ይላል። ሌላው «ክፍያ የለም» ብሎ በትልቁ ጽፎ ተመኑን 116 ያደርጋል። የቱ ይሻላል? ግማሾቻችን «ነፃው» እንላለን፣ ግማሾቻችን «ነፃ ነገር ውስጥ ተንኮል አለ» እንላለን። ሁለታችንም ሳናሰላ ነው። የምትልኪውን ላ በይው። በመጀመሪያው የሚደርሰው ብር 120 × (ላ − 6) ነው፣ ክፍያው ከመመንዘሩ በፊት ስለሚነሳ ቅንፉን እንዳትረሺ። በሁለተኛው 116 × ላ ነው። እኩል የሚሆኑበትን እንፈልግ፦

120 × (ላ − 6) = 116 × ላ
120 × ላ − 720 = 116 × ላ
4 × ላ = 720
ላ = 180

180 ዶላር ላይ ሁለቱ እኩል ናቸው። 150 ብትልኪ የመጀመሪያው 17,280፣ ነፃው 17,400 ይሰጣል፣ ነፃው ይሻላል። 200 ብትልኪ ግን የመጀመሪያው 23,280፣ ነፃው 23,200 ነው፣ ነፃው ይጎዳል። ስለዚህ «የቱ ቤት ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። መልሱ የሚወሰነው በላ ነው። የቱ ቤት ይሻላል እያልን በየሳምንቱ የምንጨቃጨቀው ሁለታችንም ልክ ሆነን ሊሆን ይችላል፣ እሷ 100 ትልካለች፣ እኔ 250።

ፍሪላንስ የምትሠሩም እንዲሁ። «በሰዓት 4 ዶላርና 2 የሰርቪስ» ማለት 4 × ሰ + 2 ነው። «በቀን 20» ደግሞ ዝም ብሎ 20። 4 × ሰ + 2 = 20 ካልን ሰ = 4.5 ነው። ከአራት ሰዓት ተኩል በታች የሚያልቅ ቤት ከሆነ የቀኑ ዋጋ ይሻልሻል፣ ከዚያ በላይ ካስቆዩሽ በነፃ እየሠራሽ ነው። «ማዳም ጥሩ ሰው ናት፣ በቀን ነው የምትከፍለኝ» ከማለት በፊት ስንት ሰዓት እንደምታስቆይሽ ቁጠሪ።

አሁን ተቃውሞውን ልመልስ፣ ምክንያቱም ቀላል ተቃውሞ አይደለም። አንዲት እህት «ፓስፖርቴ በእሷ እጅ፣ በሩ በእሷ ቁልፍ፣ እኔ ቀመር ስለጻፍኩ ምን ይመጣል?» ብላለች። እውነቷን ነው። እኩልዮሽ በር አይከፍትም። የማይከፍል ሰው ስላሰላሽ አይከፍልም። በሩ የተዘጋባት እህት የሚያስፈልጋት ሰው ነው፣ እሱን ለመሆን ነው ይሄ ማኅበር ያለው። ግን ያቺ እህት በደወለች ጊዜ መጀመሪያ የምንጠይቃት ምንድን ነው? ስንት ወር፣ ስንት ተሰጠሽ፣ ስንት ይቀርሻል። «ብዙ ወር አልከፈሉኝም፣ ትንሽ ትንሽ ይሰጡኛል» የሚል መልስ ይዘን የትም ቢሮ ብንሄድ «ተነጋገሩ» ተብለን ነው የምንመለሰው። ወሩን ወ፣ የተሰጣትን ክ ብንለው ዕዳው 150 × ወ − ክ ነው። 19 ወር ሠርታ 1,900 ዶላር ከተቀበለች፣ 2,850 − 1,900 = 950። «950 ዶላር ቀርቶኛል፣ እነሆ የየወሩ» የምትል ሴትና «ብዙ ቀርቶኛል» የምትል ሴት ፊት የሚቆመው ሰው አንድ ዓይነት አይደለም። አሠሪው ራሱ «አይ፣ 950 ሳይሆን 700 ነው» ካለ እንኳ 700 ዕዳ እንዳለበት አምኗል። ክርክሩ ከ«አለ ወይስ የለም» ወደ «ስንት» ተሸጋግሯል።

ሌላው ተቃውሞ «ስሌት ሰው መጠራጠር ነው፣ ጥሩ አሠሪ ያስከፋል» የሚለው ነው። እኔ ተቃራኒውን ነው ያየሁት። ጥሩ አሠሪም ትረሳለች፣ ጥሩ አሠሪም «ባለፈው ወር ሰጥቼሽ የለ?» ትላለች። የተጻፈ ነገር ጥሩውን ሰው ከመጥፎ ጥርጣሬ ያድነዋል። የሚከፋው መጀመሪያውኑ ቃሉ ግልጽ እንዳይሆን የፈለገ ሰው ነው። ስታሳዪ ደግሞ በክስ ድምፅ መሆን የለበትም። «ማዳም፣ በደንብ ገብቶኝ እንደሆነ ልንገርሽ፣ በየወሩ 160፣ በዓመት 12 ጊዜ፣ ልክ ነኝ?» ብሎ መልሶ ማንበብ ነው። አዎ ካለች ሁለታችሁም አንድ ነገር ይዛችኋል። አይ ካለች ዛሬ ማወቅሽ ከሁለት ዓመት በኋላ ከማወቅ ይሻላል።

የፀጉር ሥራም የሚሉት እህቶች አልተሳሳቱም፣ ነገ አገር ቤት ገብቶ የሚያበላ ሙያ ነው። ግን ፀጉር ቤት የምትከፍተው እህት «በሰው 300 ብር አስከፍላለሁ፣ ኪራይ 15,000» ስትል በወር ስንት ሰው ቢመጣላት ኪራዩ እንደሚሸፈን ካልጻፈች ሙያው ብቻውን አያድናትም። 300 × ሰ = 15,000፣ ሰ = 50። ሃምሳ ሰው ለኪራይ ብቻ፣ የቅባቱና የመብራቱ ገና ነው። ዐረብኛም እንዲሁ፣ ቃሉን ብቻ ብንተረጉም ግማሽ ትርጉም ነው።

ስለዚህ የምለው ይሄ ነው። ግማሽ ሰዓቱ ይቆይ፣ መጽሐፍ ግን አያስፈልገውም። በየእሑዱ አንዲት እህት በዚያ ሳምንት የተባለችውን አንድ ዓረፍተ ነገር እንዳለ ታምጣ፣ በዐረብኛም ይሁን በአማርኛ፣ ከማዳም፣ ከቢሮው፣ ከደላላው ወይም ከወንድሟ። ስም መጥራት አያስፈልግም። ሰሌዳው ላይ እንጻፈው። የማናውቀው የቱ ነው ብለን ፊደል እንስጠው፣ በዶላር ነው በሊራ፣ በወር ነው በቀን ብለን አጠገቡ እንጻፍ። ዓረፍተ ነገሩን ቆራርጠን «ከ»ውን፣ «በየ»ውን፣ «እስከ»ውን እናክብበው። ከዚያ እኩልዮሹን ጽፈን በቀላል ቁጥር እንሞክረው፣ ለምሳሌ ደመወዙ 100 ቢሆን ብለን፣ የማይሆን ነገር ከወጣ የሆነ ቦታ ተሳስተናል። በመጨረሻም ለተናገረው ሰው መልሰን የምንጠይቀውን ጥያቄ በዐረብኛ አዘጋጅተን እንላክላት። ዐረብኛው እንዲረዝም የፈለጉትም በዚህ ያገኙታል።

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እኔ አመጣለሁ፦ «የዕረፍት ቀንሽን ብትሠሪ እጥፍ እከፍልሻለሁ።» የምን እጥፍ? የቀን ደመወዝ በ30 ተካፍሎ ነው ወይስ በ26? ደብተር ይዛችሁ ኑ።